የደብልዩ 124 መርሴዲስ የዜብራኖ እንጨት እድሳት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ምርመራ

መኪናው መርሴዲስ ቤንዝ 230ኢ ነው። እ.ኤ.አ. የ1991 ምርት ሲሆን ቅርጹ በፋብሪካ መጠሪያው ደብልዩ 124 የሚባለው ነው። ሥራው የመሐል ኮንሶሉን ሦስት የእንጨት ቁራጮች ይመለከታል፤ እነሱም የመስኮት ማብሪያዎቹ የሚቀመጡበት የማርሹ ዙሪያ ሰሌዳ፣ የሲጋራ መተርኮሻው ክዳን እና ሬዲዮውን የሚከበው የላይኛው ቁራጭ ናቸው። ሦስቱም ዜብራኖ የለበሱ ናቸው። ዜብራኖ በካሜሩን፣ በጋቦንና በኮንጎ ደን የሚበቅል ዛፍ ነው። ስሙን ያገኘው በቢጫማ መደብ ላይ ከሚሮጡት ጥቁር ቡናማ ሰንበሮች ነው። ዛፉ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ስለሆነ፣ ደህና የሆነን የፋብሪካ ቬኒር (በስሱ ተሰንጥቆ የተለጠፈውን የእንጨት ልብስ) ገፍፎ መጣል በገንዘብም በሌላም ኪሳራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንቀይር ሳይሆን ምን እናትርፍ ነው።

ከሩቅ ሲታይ ሦስቱም ቁራጮች እኩል የተበላሹ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

አንደኛው ስንጥቅ ነው። ላከሩ፣ ማለትም በእንጨቱ ላይ ያለው ጠንካራ የሚያበራ ቅብ፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ተሰነጣጥቋል፣ እንጨቱ ግን ደህና ነው። ሁለተኛው ነጭ ደመና ነው። ብዙ ሰው እርጥበት ገብቶ ነው ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ላከሩ ከእንጨቱ ተላቆ በመሐላቸው አየር ስለገባ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በስንጥቁ በኩል አንድ ጠብታ አልኮል አስገብቶ ማየት። ፈሳሹ እየተስፋፋ ሲሄድ ደመናው ለጊዜው ከጠፋና ሲተን ከተመለሰ ችግሩ የላከሩ መላቀቅ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው፣ ቬኒሩ ራሱ ከሥሩ መነሣቱ ነው። በጥፍር ቆርቆር ሲደረግ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ በጣት ሲጫኑት ዝቅ ብሎ ይመለሳል።

በዚህ መኪና የላይኛው ቁራጭ አንደኛውና ሁለተኛው አለበት። ክዳኑ ስንጥቅና አንድ ጥቁር የውኃ ነጠብጣብ አለው። የማርሹ ሰሌዳ በመስኮት ማብሪያዎቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ ቬኒሩ ተነሥቷል፣ አንድ ጥግ ላይም ተቆርሶ ጠፍቷል። ለዓመታት የፈሰሰ ቡናና ለስላሳ የሚገባው በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ስለሆነ በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚጠበቅ ጉዳት ነው።

የመሰንጠቁ ዋና ምክንያት ፀሐይ ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ሜዳ ላይ የሚቆም መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የበለጠ ይመታል። ጨረሩ ላከሩን ያደርቀዋል፣ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ገጽ ደግሞ መልኩን ይለውጠዋል። በዚያ ላይ እንጨቱ በክረምት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ የጠነከረው ላከር ግን አብሮት መንቀሳቀስ አይችልም። ያኔ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይላቀቃል።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ የላይኛው ቁራጭና ክዳኑ የፋብሪካ ቬኒራቸውን ይዘው ላከራቸው ብቻ ይቀየራል፤ የማርሹ ሰሌዳ አዲስ ቬኒር ይለብሳል። ከዚህ ውሳኔ የሚመጣው ጣጣ አዲሱን ከ30 ዓመት በላይ ካስቆጠረው ጎን አስቀምጦ ማመሳሰል ነው። ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ መፍታት

የባትሪው ኔጌቲቭ ከመነቀሉ በፊት የሬዲዮው ኮድ መኖሩ ይረጋገጥ። ኦሪጅናል ሬዲዮ ያለው መኪና ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ሲመለስ ኮድ ሊጠይቅ ይችላል።

መተርኮሻው መጀመሪያ ይወጣል፤ ከበስተኋላው ያሉት ብሎኖች ሲፈቱ መንገዱ ይከፈታል። የመስኮት ማብሪያዎቹ ሶኬቶች ከመነቀላቸው በፊት በወረቀት ፕላስተር ቁጥር ይለጠፍባቸው፤ መልካቸው አንድ ስለሆነ ሲመለሱ የፊቱ ከኋላው ይቀያየራል። ፕላስቲኮቹ በዕድሜ ደርቀዋል። ጠዋት በብርድ ከመታገል መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ወይም በፎን አሙቆ መሥራት የክሊፖቹን ስብራት ይቀንሳል። ካቻቪቴ በእንጨቱ ጠርዝ ሥር አስገብቶ መፈልቀቅ ክልክል ነው፤ ከዚህ በፊት የነካው ሰው ይህንኑ አድርጎ የሰሌዳውን አንድ ጠርዝ አፍርሶታል።

ከወጡ በኋላ ሁለት ነገር ይመዘገባል። አንደኛ፣ የሰንበሩ አቅጣጫ በእርሳስ ጀርባው ላይ ይሰመራል፣ ፊቱ ደግሞ በደብዛዛ ብርሃን ፎቶ ይነሣል። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት ማብሪያዎቹ በሚገቡበት ቦታ በካሊፐር ይለካል። ይህ ቁጥር በሥራው መጨረሻ ላይ ወሳኝ ነው። አዲስ ሙጫ፣ አዲስ ቬኒርና ወፍራም ክሊር (በላከሩ ምትክ የሚነፋው ቀለም የሌለው ቅብ) ተደማምረው ግማሽ ሚሊ ሜትር ከጨመሩ ማብሪያው ጥርሱ አይዝም፣ የመተርኮሻው ክዳንም ሲከፈት ጎኑን ይፍቃል።

ጀርባውን ማየትም ግድ ነው። ይህ የማርሽ ሰሌዳ ቅርጽ ተሰጥቶት የተጨመቀ ኮምፔንሳቶ ነው። በሌሎች መኪናዎችና በሌሎች ቁራጮች ጀርባው አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ የሙጫው ምርጫ ያኔ ይለወጣል።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ላከሩን ማንሣት

ከሁሉም የበለጠ እንጨት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በላዩ ያለው የፋብሪካ ላከር ከዚያ ብዙም ላያንስ ይችላል። ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት በማሽን አድርጎ ላከሩን ሊፈጭ የተነሣ ሰው፣ ላከሩ ሲያልቅና እንጨቱ ሲጀምር አያውቅም። ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ቬኒር አንዴ ካለቀና ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ብቅ ካለ ቀለም አይሸፍነውም።

መጀመሪያ ላከሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለይ። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል፤ ከለሰለሰ ሼላክ ነው። ካልለሰለሰ አንድ ጠብታ ቲነር፤ ከሟሟ ናይትሮ ላከር ነው። ሁለቱም ካልነኩት ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሬታን ነው፤ በእነዚህ ላይ ቲነር ማፍሰስ ጊዜ ማባከን ብቻ ነው። የእኛው ሦስተኛው ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲህ ያለ ላከር በሙቀት ይነሣል። የሙቅ አየር መሣሪያው በዝቅተኛው ደረጃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ ላከሩ እንደ ላስቲክ ሲለሰልስ ጥጎቹ በሞረድ የተደነዘዙ ሰፊ መፍቂያ በሰንበሩ አቅጣጫ፣ ተኝቶ ይገፋል። የተላቀቀው ደመናማ ቦታ በራሱ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። በደንብ የያዘው ቦታ ግን መታገሥ ይፈልጋል። አረፋ ማውጣት ወይም መጨስ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል፣ ከሥሩ ያለው ሙጫም አብሮ ሊለቅ ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን።

የኬሚካል ቀለም ማንሻም አማራጭ ነው፤ ዳይክሎሮሜቴን ያለበት በፍጥነት ይሠራል፣ ነገር ግን ለሳንባና ለነርቭ አደገኛ በመሆኑ በአውሮፓና በአሜሪካ ለተራ ሸማች መሸጥ ተከልክሏል። በቤንዚል አልኮል የተሠራው ቀስ ይላል። ሁለቱም በፖሊስተር ላይ ተደጋጋሚ መቀባት ይጠይቃሉ፣ በጠርዝ በኩልም ወደ ሙጫው ይገባሉ። ስለዚህ እዚህ ሙቀት ተመርጧል።

መፍቂያው የሚተወው ቀሪ ላከር በምላጭ ይነሣል። አዲስ ምላጭ ቀጥ ብሎ ተይዞ ወደ ራስ ሲሳብ ከብርጭቆ ወረቀት ይልቅ ልክ ያውቃል፤ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከሆነ ላከር ነው፣ ቡናማ መላጫ መሆን ሲጀምር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ብቻ በትንሽ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ቁጥር 240፣ ቀጥሎ 320፣ በእጅ፣ በሰንበሩ አቅጣጫ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ። የዜብራኖ ክሮች ተጠላልፈው ስለሚያድጉ በአንድ ወገን ሲፋቅ ልስልስ ያለው በሌላ ወገን ይፈነቀላል፤ ምላጩ መንከስ ከጀመረ አቅጣጫው ይገልበጥ። አቧራው ጉሮሮ ስለሚከረክር ጭንብል ይደረግ። ዜብራኖ ሲፋቅ ሽታውም ደስ አይልም፤ የተበላሸ ነገር ምልክት አይደለም፣ ጠባዩ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ጥቁሩ ነጠብጣብ

በክዳኑ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ አይደለም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከውኃና ከብረት ሲገናኝ የሚፈጥረው ነው። ብርጭቆ ወረቀት አይደርስበትም፣ ምክንያቱም ከቬኒሩ ውፍረት በታች ሊዘልቅ ይችላል። የሚያነሣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው።

በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 60 ግራም ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባል። ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ሳይሆን የክዳኑ ፊት በሙሉ፤ አለዚያ የነጣ ክብ ይቀራል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይታያል፣ ካስፈለገ ይደገማል። ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ሦስት አራት ጊዜ ይጠረጋል። ቬኒር ስለሆነ መዘፍዘፍ የለም፣ ጨርቁ የተጨመቀ ይሁን። ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ከታየ አሲዱ አልታጠበም ማለት ነው፤ ያ ብናኝ ሲፋቅ ወደ አፍንጫ ከገባ ይጎዳል፣ በክሊሩ ሥርም ከቀረ ክሊሩን ያላቅቀዋል። አሲዱ መርዝ ስለሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ፤ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ።

ውጤቱ ጥሩ ነው። ነጠብጣቡ ጠፍቶ ቀለል ያለ ቡናማ ጥላ ብቻ ቀርቷል፤ ክሊር ሲቀባ ከሰንበሮቹ ጋር ይዋሃዳል።

ኅዳር መጀመሪያ፦ የማርሹ ሰሌዳ

የሞተው ቬኒር በካውያና በእርጥብ ጨርቅ ተነሥቷል። ጨርቁ በሰሌዳው ላይ ተዘርግቶ ትኩስ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ይቀመጥበታል፣ ቀጭን ስፓቱላ ይከተላል። የፋብሪካው ሙጫ በሙቀት ብቻ የሚለቅ ዓይነት ስላልሆነ እንፋሎቱ ቬኒሩን ያለሰልሰዋል እንጂ ሙጫውን አያቀልጠውም፤ ቀሪው ቁጥር 80 ተጠቅልሎበት በጠፍጣፋ እንጨት ይፋቃል። ኮምፔንሳቶው እርጥበት ስለጠጣ ለአንድ ሳምንት በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መሐል ተጭኖ ይደርቃል። ሳይደርቅ አዲስ ቬኒር የለበሰ ሰሌዳ በኋላ ሲሸበሸብ ቬኒሩን ይዞ ይሰነጠቃል።

በማብሪያዎቹ ቀዳዳዎች መሐል ያሉት ቀጫጭን ድልድዮች ንብርብራቸው ተከፍቷል። ቀጭን ኢፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ) በመርፌ ገብቶ በሰም ወረቀት መሐል በሞርሳ ተጨምቋል። የተቆረሰው ጥግ በኢፖክሲና በእንጨት ዱቄት ተሞልቷል። የመኪና ስቱኮ እዚህ አይመረጥም፤ ለሰፊ ቦታ ይሠራል፣ ለቀጭን ጠርዝ ግን ይሰባበራል።

ቬኒሩ ከውጭ የመጣ 0.6 ሚሊ ሜትር ዜብራኖ ነው። ሲታዘዝ አንድ ነገር ይጠየቅ፦ በሩብ የተሰነጠቀ፣ ማለትም ግንዱ በአራት ተከፍሎ ከቅርፊት ወደ መሐል የተሰነጠቀ መሆኑ። በዚያ አቅጣጫ የተሰነጠቀው ቀጥ ያሉ ሰንበሮች ይሰጣል፤ ሌላው አቆራረጥ ሞገድ የሚመስል ሰንበር ስላለው ከፋብሪካው ቁራጭ አጠገብ ሲቀመጥ ከሌላ መኪና የመጣ ይመስላል። ለዚህች ሰሌዳ 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቅጠል ይበቃ ነበር፤ ግን ሁለት ተከታታይ ቅጠሎች መያዝ ይሻላል። ሁለተኛው ለቀለም ሙከራ ነው፣ ሙከራ በሌላ እንጨት ላይ አይሠራምና።

ተጠቅልሎ የመጣ ቬኒር ይጨማደዳል። በ4 እጅ ውኃ፣ 1 እጅ ግሊሰሪንና 1 እጅ አልኮል ድብልቅ ሁለቱም ፊቱ ይረጥብና በንጹሕ ማተሚያ ወረቀት መሐል ይጫናል፤ ወረቀቱ በማግስቱ ይቀየራል፣ እስኪደርቅም በየቀኑ ይቀየራል። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይታተማል።

ኅዳር አጋማሽ፦ ሙጫ

ነጩ የእንጨት ኮላ ለወንበርና ለጠረጴዛ የታወቀ ነው፣ በመኪና ውስጥ ግን አይታመንም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ይህን ያልፋል። ያኔ ቬኒሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። የጫማ ማስቲሽ ከዚያም የባሰ ነው፦ ወዲያው ይይዛል፣ በመጀመሪያው ሞቃት ወር አረፋ ያወጣል፣ ቲነር ያለበት ክሊር ሲነፋበት ደግሞ ራሱ ይሟሟል። ወንድሞቻችን አናጺዎች በማስቲሽ የሚያለብሱት ወፍራም ፎርማይካን ስለሆነ አይፈረድባቸውም፤ ቬኒር ግን ሌላ ነገር ነው።

ለኮምፔንሳቶ ጀርባ ተመራጩ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ነው፤ ዱቄቱ በአምራቹ በተጻፈው መጠን ከውኃ ጋር ይበጠበጣል፣ ደርቆ ሲጠነክር በሙቀት አይለሰልስም። ለአሉሚኒየም ጀርባ ግን ውኃው የሚሄድበት ስለሌለ ኢፖክሲ ይሻላል፤ ብረቱ በቁጥር 120 እንዲሻክር ተፍቆ በአሴቶን ከተጠረገ በኋላ። ተራ ኢፖክሲም በክፍል ሙቀት ብቻ ከደረቀ ከ50 እና 60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፤ አምራቹ የሙቀት ማጠናከሪያ የሚፈቅደውን መርጦ በሞቀ ሳጥን ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል።

የመጫኛ ሻጋታው ከሰሌዳው ራሱ ተወስዷል። ሰሌዳው በቀጭን ፕላስቲክ ተሸፍኖ ጄሶ ፈስሶበት፣ ሲደርቅ ፊቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ተለጥፏል። ሙጫው በሰሌዳው ላይ ብቻ ይቀባል፣ በቬኒሩ ላይ አይቀባም፤ ቬኒሩ ከረጠበ ወዲያው ይጠቀለላል። በጥርስ ባለው ስፓቱላ ቀጭን ሽፋን፤ የዜብራኖ ቀዳዳዎች ሰፋፊ ስለሆኑ የበዛ ሙጫ ወደ ፊት ይወጣል፣ የወጣበት ቦታም ቀለም አይጠጣም። ቬኒሩ ከሁሉም ጎን 10 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። ከዚያ ፕላስቲክ፣ ሻጋታው፣ ጣውላና አምስት ሞርሳ፤ መሐሉ መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ዳሮቹ ቀጥሎ፣ አየሩና ትርፍ ሙጫው ወደ ውጭ እንዲወጣ።

የቫኪዩም ከረጢት ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ያስቡበት። ከረጢቱ የሚጫነው በከባቢ አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 103 ኪሎ የሚደርሰው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 77 ኪሎ ይወርዳል። ለጠፍጣፋ ይበቃል፤ ለታጠፈ ጠርዝ ግን ሞርሳ ይሻላል።

የኅዳር ሌሊት ብርድ ነው። ሙጫው ከ15 ዲግሪ በታች ደካማ ሆኖ ስለሚደርቅ ሥራው ረፋድ ላይ ተጀምሮ፣ ተጭኖ ያለው ሰሌዳ ሌሊቱን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሞቅ ባለ ክፍል አድሯል።

ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት ሙጫው ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ነው። ከጀርባ በኩል በከተር ጫፍ መሐሉ ይበሳል፣ ወደ አራቱ ጥግ ይቀደዳል፣ ቀሪው በደቃቅ ሞረድ ይስተካከላል። ሞረዱ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ጀርባ ይገፋል፣ ሲመለስ ይነሣል። ወደ ፊት የጎተተው ሞረድ ቬኒሩን ያነሣዋል። በየቀዳዳው ዙሪያ ከማብሪያው 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ይደረግ፤ ክሊሩ ያን ይሞላል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ቀለም ማመሳሰል

አዲሱ ዜብራኖ መደቡ ፈዛዛና ወደ ግራጫ ያደላ ነው፣ ጥቁሩ ሰንበር ደግሞ ጎልቶ ይታያል። የድሮው ማር መስሏል፣ በመደቡና በሰንበሩ መሐል ያለው ልዩነትም ደብዝዟል። ስለዚህ ማጥቆር ብቻውን አይበቃም፤ መደቡ ይሞቅ፣ ሰንበሩ ግን አይጥቆር።

ወፍራም የእንጨት ቀለም ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ሰንበሩን ስለሚያጨልም ተትቷል። የተሠራበት በአልኮል የሚሟሟ ግልጽ ቀለም ነው፦ ቢጫ አምበር በብዛት፣ ቀይ ቡናማ በጣም በትንሹ፣ እጅግ ቀጥኖ። ንጽጽሩ ሁልጊዜ ሁለቱም ገጽ በአልኮል ወይም በክሊር ረጥቦ ነው፤ ደረቅ እንጨት ከደረቅ ጋር ተመሳስሎ ክሊር ሲቀባ ይለያያል። ፍርዱም በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ይሰጥ። ጋራዥ ውስጥ በነጭ አምፖል የተመሳሰለ ቀለም ደጅ ሲወጣ አረንጓዴ ይመታል።

የመጨረሻዋ ትንሽ ልዩነት በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በክሊሩ ውስጥ ትስተካከላለች፦ በሁለተኛው የክሊር ንብርብር ጥቂት ጠብታ አምበር ቀለም ተጨምሮ በማርሹ ሰሌዳ ላይ ብቻ ተነፍቷል። ከፍጹም መመሳሰል አልደረሰም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ለሚፈትሽ ሰው ይለያል፤ መኪናው ውስጥ ተገጥመው ሲታዩ ግን በመሐላቸው ሬዲዮና ጥቁር ፕላስቲክ ስላለ ዓይን አይይዘውም። ከዚህ በላይ መሄድ ደህናውን የፋብሪካ ቬኒር መግፈፍ ነው፣ ያ ደግሞ መጀመሪያ የተተወ መንገድ ነው።

ታኅሣሥ፦ ክሊር

በክሊር ሥራ ላይ ትልቁ ጠላት ሲሊኮን ነው። በየላቫጆው ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁበት ፈሳሽ አብዛኛው ሲሊኮን አለው፤ በስንጥቅ በኩል እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ክሊር ሲነፋበት እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ስለዚህ ሦስቱም ቁራጮች ከመነፋታቸው በፊት በሰምና ቅባት ማጽጃ፣ እያንዳንዱ ጊዜ በአዲስ ጨርቅ፣ ደጋግመው ተጠርገዋል፤ ከዚያ ሰም የሌለው ቀጭን ሼላክ አንድ ጊዜ ተቀብቷል። ሼላኩ የቀረውን ቅባት ያፍናል፣ ቀለሙም ወደ ክሊሩ እንዳይፈስ ይይዘዋል። ቀጭን ይሁን፤ የወፈረ ሼላክ ከሁለት ክፍል ክሊር በታች ደካማ መሠረት ነው።

ክሊሩ ማጠንከሪያ ያለው፣ የአልትራቫዮሌት መከላከያ የተጨመረበት የመኪና ክሊር ነው። 2 እጅ ክሊር በ1 እጅ ማጠንከሪያ፣ እስከ 10 በመቶ ቲነር፤ ይህ የምርቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ነው፣ ሌላ ምርት ሌላ መጠን አለው። የሽጉጡ ቀዳዳ 1.3 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ 2 ባር። በቆርቆሮ የሚሸጠው ተራ ስፕሬይ ያምራል፣ ግን ማጠንከሪያ ስለሌለው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቁልፍ የጣለበት ሰው ምልክቱን ያያል።

ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት አለ። አስም ያስነሣል፣ አንዴ ከጀመረም ብዙ ጊዜ አይለቅም። የጨርቅ ጭንብል አያድንም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ፣ ከተቻለም ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ያስፈልጋል። ብዙ ጋራዦች ይህን አቅልለው ያዩታል።

የመጀመሪያው ንብርብር ቀጭን ጭጋግ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሙሉ ንብርብር፣ በመሐላቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚህ በላይ በአንድ ቀን መደራረብ ቲነሩን ከሥር ያፍነዋል፤ ላዩ ሲደርቅ ከታች አረፋ ይቀራል። በዚህ ከፍታ ቲነር ቶሎ ስለሚተን ቀን ላይ ደረቅ ነፋስ ካለ ክሊሩ ሳይዘረጋ ይደርቅና የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ዘገምተኛ ቲነር መምረጥ ይረዳል። በክረምት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እርጥበቱ ላይ ላዩን ያነጣዋል። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት የተመረጠው በዚያ ምክንያት ነው።

ቀዳዳ የበዛበት እንጨት በአንድ ዙር አይሞላም። ሦስቱ ንብርብር ሁለት ቀን ደርቀው በቁጥር 400፣ በውኃ፣ በጠፍጣፋ ላስቲክ ላይ ተፋቁ፤ የሚያበሩ ነጥቦች የቀሩበት ሁሉ ገና ያልሞላ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ሌላ ዙር፣ እንደገና መፋቅ። ነጥቦቹ እስኪጠፉ ሦስት ዙር ወስዷል። ጠርዝ ላይ ክሊር ሁልጊዜ ይሳሳል፣ ስለዚህ ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ ይፋቃል፣ በመጨረሻ ብቻ ይገለጣል።

ሦስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ቁራጮቹ ለሦስት ሳምንት ተቀምጠዋል። ክሊሩ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰምጣል፤ ወዲያው የተወለወለ ሥራ ከአንድ ወር በኋላ የእንጨቱን ክር እንደገና ያሳያል። መጠበቅ የማይፈልግ ሰው መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን በግልጽ ኢፖክሲ ይሙላ፤ መስመጡ በጣም ይቀንሳል። ኢፖክሲው ደርቆ ላዩ ላይ ቅባት መሳይ ነገር ካወጣ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ ከዚያ ይፋቅ፤ ሳይታጠብ ከተፋቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ይደፈናል፣ ክሊሩም አይይዝም።

ጥር መጀመሪያ፦ መወልወልና መግጠም

ቁጥር 1500፣ 2000፣ 3000 በውኃ ከሁለት ጠብታ ሳሙና ጋር፤ እያንዳንዱ የቀደመውን ጭረት በሙሉ እስኪያጠፋ፣ አቅጣጫ እየተቀያየረ። ከዚያ ደቃቅ የማወልወያ ፓስታ በለስላሳ ስፖንጅ፣ በዝግታ፤ በአንድ ቦታ የቆመ ማሽን ክሊሩን ያሞቅና ያደበዝዘዋል። የማብረቂያው መጠን የፋብሪካውን ይምሰል። አንዳንዱ እንደ መስታወት ካላበራ አይረካም፤ በእኛ ዓይን ግን የመስታወት ብርሃን ያለው እንጨት ከ1991ዱ ደብዘዝ ያለ ጨርቅና ፕላስቲክ ጋር አይስማማም፣ የፀሐይ ነጸብራቁም ለሾፌሩ ዓይን ያስቸግራል።

ውፍረቱ እንደገና ተለክቷል። የማርሹ ሰሌዳ ከድሮው 0.2 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፤ ማብሪያዎቹ ሁሉም ገብተዋል፣ አንዱ ጠበቅ ብሎ ስለነበር የቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ በቁጥር 400 ከጀርባ በኩል ተነክቷል። ማብሪያ በጉልበት ከተገፋ የክሊሩ ጠርዝ በከዋክብት ቅርጽ ይሰነጠቃል፣ ጥገናም የለውም።

ሲገጠም እንጨቱ ፕላስቲኩን በሚነካበት ሁሉ ቀጭን የጨርቅ ፕላስተር ተለጥፏል፣ ጩኸትም ጭረትም እንዳይኖር። ብሎኖቹ በእጅ ካቻቪቴ እስኪይዙ ብቻ ይጠብቃሉ፤ እንጨቱ ለመንቀሳቀስ ትንሽ ስፍራ ያስፈልገዋል።

ለእንክብካቤ፦ ለመጀመሪያው ወር ከደረቅ ለስላሳ ጨርቅ በቀር ምንም አይነካው። ከዚያ በኋላ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ። ለላቫጆው ልጅ ዳሽቦርዱ ላይ የሚነፋው ፈሳሽ ወደ ኮንሶሉ እንዳይደርስ ይነገር፤ የሚቀጥለው እድሳት ሲመጣ ያ ፈሳሽ ዋጋ ያስከፍላል። መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም የፊት መስታወት መከለያ ይደረግለት።

የቀረ ሥራ፦ የመተርኮሻው ክዳን ስፕሪንግ ደክሟል፣ ክዳኑ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ስፕሪንጉ ሲገኝ ክዳኑ ብቻ ይወጣል፣ የማርሹ ሰሌዳ አይነካም።